ቀይዋ መብራት
በአሮጌ መኪና ወዳጆች ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር

እንደምን ዋላችሁ። ስለ ጋበዛችሁኝ አመሰግናለሁ።

መጀመሪያ አንድ ነገር ላስተካክል። የጋበዘኝ ወዳጄ በስልክ «አንተ ሜካኒክ ነህ አይደል?» አለኝ። አይደለሁም። የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ጥፍሬ ሥር የምታዩት ጥቁር ነገር የቅዳሜ ቅሪት ነው፤ ሰኞ ቢሮ ስገባም አይለቅም። ስለዚህ የማወራችሁ እንደ ባለሙያ ሳይሆን በገንዘቡና በጊዜው እንደተማረ ሰው ነው። እዚህ መሃል እውነተኛ ሜካኒኮች እንዳላችሁ አውቃለሁ። ስሳሳት በትዕግሥት አሳልፉኝ፤ ሻይ ላይ ታርሙኛላችሁ።

መኪናዬ ቮልስ ናት። በፈረንጆች አቆጣጠር የ1966 ሥሪት፣ 1300 የሚባለው ዓይነት። ሞተሯ 1285 ሲሲ ነው። ከፋብሪካ ስትወጣ 40 የፈረስ ጉልበት ነበራት። አዲስ አበባ ላይ ግን ያ 40 የለም። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች አየሩ አንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል፤ ጉልበቱም አብሮ ይሳሳል። ስለዚህ እንጦጦ ዳገት ላይ ከኋላዬ ጥሩምባ የምትነፉ ሰዎች፣ ይህን እያሰባችሁ።

ስለ ቮልስ ለእናንተ ብዙ መናገር አያስፈልግም። በዓለም 21 ሚሊዮን ተኩል ያህል ተሠርታለች። የመጨረሻዋ በፈረንጆች 2003 ሜክሲኮ ፑዌብላ ካለው ፋብሪካ ወጣች። እኛ አገር ደግሞ ታሪክ ውስጥ ገብታለች፤ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ጃንሆይ ከቤተ መንግሥት የተወሰዱት በቮልስ የኋላ ወንበር ላይ ነው። ሮልስ ሮይስ የለመደ ንጉሥ በዚያች በር አጎንብሶ ሲገባ የሚያሳየውን ምስል ያየ ሰው አይረሳውም። እኔም የኋላውን ወንበር ባነሳሁ ቁጥር ያ ትዝ ይለኛል። ለምን ወንበር እንደማነሳ ኋላ እነግራችኋለሁ።

አሁን ወደ ጥፋቴ።

መኪናዋን የገዛሁት ጎረቤቴ ግቢ ውስጥ ሸራ ለብሳ ከቆመችበት ነው። ሞተሯ ይነሳል። ትንሽ ዘይት ትበላለች። ትንሽ ታጨሳለች። «ደህና ናት» ተባልኩ፤ ደህና ናት አልኩ። እና የመጀመሪያውን ገንዘቤን ምን ላይ ያዋልኩት ይመስላችኋል? ዳሽቦርድ ላይ።

የ1966 ቮልስ ዳሽቦርድ እንደምታውቁት ባዶ ነው። ቆርቆሮ ነው፤ የመኪናውን ቀለም የተቀባ። በመሪው ፊት ለፊት አንድ ክብ ሰዓት፣ የፍጥነት መለኪያው። አጠገቡ ትንሽ የቤንዚን ጌጅ። ያ ብቻ። የሙቀት ጌጅ የለም፣ የዘይት ጌጅ የለም። እኔ ደግሞ በዚያን ጊዜ ልጅ ነበርኩ ባልልም ልጅነት ነበረብኝ። ባለ ዲጂታል፣ ሌሊት ሰማያዊ የሚያበራ የመለኪያ ሰሌዳ ሰው ከውጭ ይዞልኝ መጣ። ትልቅ ቴፕም ገዛሁ። አንድ ኤሌክትሪሺያን ጋ ሄድኩ። እሱም መኪናዋን ከ6 ቮልት ወደ 12 ቮልት ቀየረልኝ። ከዚያ ግራይንደሩን አነሳና ዳሽቦርዱን ቆረጠው። ብልጭታው ሲበር ቆሜ አይቻለሁ። እንዲያውም ፎቶ አንስቻለሁ። ያ ፎቶ አሁንም ስልኬ ላይ አለ፤ ባየሁት ቁጥር ጥርሴን ያመኛል።

ኦሪጅናሉን ክብ ሰዓት በፌስታል አድርጎ ሰጠኝ። ቤት ወስጄ አልጋ ሥር ወረወርኩት።

ከሁለት ወር በኋላ ለዘመድ ሠርግ ወደ ደብረ ማርቆስ ተነሳሁ። ጎሐ ጽዮን ደረስኩ። አባይ በረሃ ወረድኩ። ድልድዩን ተሻገርኩና የደጀንን ዳገት ጀመርኩ። ሁለተኛ ማርሽ። ፀሐይ አናት ላይ። ቴፑ እስከ ጥግ ተከፍቷል። ዳገቱን ጥቂት እንደወጣሁ የሆነ ነገር ተለወጠ። ሞተሩ ለሰለሰ። ያ ሁላችንም የምናውቀው የቮልስ ጩኸት ቀነሰ። እና፣ እውነቱን ልናገር፣ ደስ አለኝ። «አሟሟቀች፤ ተፍታታች» አልኩ ለራሴ።

እዚህ ያላችሁ ሜካኒኮች ፊታችሁን እያያችሁት አይደለም እንጂ እኔ እያየሁት ነው። አዎ። የለሰለሰው ሞተሩ አልነበረም። ቬንትሌተሩ ነው የቆመው። ቺንጋው ተበጥሶ ነበር።

ለማያውቁ ልንገር። ቮልስ ራዲያተር የላትም፤ ውሃ የላትም። የምትቀዘቅዘው በአየር ነው። አየሩን የሚነፋው ቬንትሌተር ከዲናሞው ጋር በአንድ ዘንግ ላይ ተቀምጧል። ሁለቱንም የሚያዞራቸው አንድ ቺንጋ፣ የጎማ ቀበቶ ነው። ቺንጋው ሲበጠስ ዲናሞው ይቆማል፤ ባትሪ መሙላቱ ይቀራል። ይህ ግድ የለም። ቬንትሌተሩ ግን አብሮ ይቆማል። ሞተሩ በባትሪው መሥራቱን ይቀጥላል፤ እየተቃጠለም ይሠራል። ጥቂት ደቂቃ በቂ ነው።

ሽታው መጣ። ጉልበት ጠፋ። አንደኛ ማርሽ አስገባሁ። «ቋ ቋ» የሚል ድምፅ። ከዚያ ዝም። አንድ አይሱዙ በገመድ ጎትቶ ደጀን አወጣኝ። ሠርጉ አመለጠኝ።

አዲስ አበባ ከመጣች በኋላ አንድ ሽማግሌ ሜካኒክ ጋ ወሰድኳት። ስማቸውን እንዳልጠራ ለምነውኛል፤ ጋሼ እላቸዋለሁ። ጋሼ ኮፈኑን ከፈቱ። ቺንጋውን ከሥር መዘዙት። አሸተቱት። ከዚያ ቀስ ብለው እንዲህ አሉኝ።

«ቀዩ መብራት አልበራም?»

«ጋሼ፣ ቀይ መብራት የላትም።»

«ማን አወጣው?»

መልስ አልነበረኝም። ያ ኦሪጅናል ክብ ሰዓት ውስጥ፣ ከታች በኩል፣ ጥቂት ትናንሽ መብራቶች አሉ። አንዷ አረንጓዴ ናት፤ የዘይት ግፊት። አንዷ ቀይ ናት፤ የዲናሞ። በሌላ መኪና የዲናሞ መብራት «ባትሪህ አይሞላም» ማለት ነው፤ ቤትህ ድረስ ትነዳለህ። ቮልስ ላይ «አሁን ቁም፤ እዚሁ ቁም» ማለት ነው። የእኔ ኤሌክትሪሺያን አዲሱን ሰሌዳ ሲገጥም የዚያችን ሽቦ ጫፍ በፕላስተር ጠቅልሎ ትቶታል። አዲሱ ሰሌዳ የሞተር ዙር ይቆጥራል፣ የውጪውን ሙቀት ይናገራል፣ ቀኑን ያሳያል። ያችን አንዲት ነገር ግን አያውቃትም።

እንግዲህ ሞተሩን አወረድነው። የቮልስ ሞተር ማውረድ ደስ ይላል። ገመዶቹንና የቤንዚን ጎማውን ካላቀቃችሁ በኋላ ከካምቢዮው፣ ከማርሽ ሳጥኑ ጋር የያዘው አራት ብሎን ብቻ ነው። አንድ ጥሩ ክሪክ፣ ሁለት ሰው። ጋሼ ብቻቸውን ሻይ ሳይቀዘቅዝ ያወርዱታል።

ሲፈታ የሆነው ሁሉ የተጠበቀ ነበር። ሦስተኛው ሲሊንደር። ሁልጊዜ ሦስተኛው ነው። በዚያ ዘመን ሥሪት የዘይት ማቀዝቀዣው ቬንትሌተሩ ቤት ውስጥ፣ ከሦስተኛው ሲሊንደር በላይ ቆሟል። ስለዚህ ለሦስተኛው የሚደርሰው አየር ቀድሞ ዘይቱን ያቀዘቀዘና የሞቀ አየር ነው። ፋብሪካው ይህን አውቆ በፈረንጆች 1970 ገደማ ማቀዝቀዣውን ወደ ውጪ አወጣው። የእኔዋ ከዚያ በፊት ናት። የሦስተኛው ፒስተን ግድግዳውን ቧጥጦታል። ፋሻዎቹ፣ የፒስተኑ ቀለበቶች፣ ቦያቸው ውስጥ ተጣብቀዋል። የጭስ ማውጫው ቫልቭ ጠርዙ ተበልቷል፤ አይጥ የነከሰው ዳቦ ይመስላል።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም እኔ «ሞተር ማሠራት» ሲባል ዕቃ መቀየር ይመስለኝ ነበር። ሶማሌ ተራ ሄደህ አዲስ ፒስተን፣ አዲስ ብሮንዚን (ዘንጉ የሚዞርበትን ማረፊያ)፣ አዲስ ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ) ትገዛለህ፤ ይገጠማል፤ አለቀ። ጋሼ ጋ ግን የመጀመሪያው ሳምንት ያለፈው በመለካት ብቻ ነው። ክራንክሻፍቱን፣ ፒስተኖቹ የሚያዞሩትን ዋና ዘንግ፣ በማይክሮሜትር፣ በሁለት አቅጣጫ፤ ክብ ነው ወይስ ሞላላ ሆኗል? ፒስተኖቹን ከእሱ ጋር የሚያገናኙትን ቢየላዎች። የሞተሩን ቤት። ቤቱ የማግኒዥየም ቅይጥ ነው፤ ቀላል ነው፤ ግን ሲግል ይጣመማል፤ ብሮንዚኖቹ የሚቀመጡበት መስመር ይዛነፋል። የእኔው ተዛንፎ ነበር። ቶርኖ ቤት ሄዶ መስመሩ ተስተካከለ፤ ብሮንዚኖቹም በዚያው ልክ ወፈር ያሉ ተገዙ።

ፒስተንና ሲሊንደር አራቱንም አንድ ላይ በሙሉ ስብስብ ገዛሁ። ጋሼ ካርቶኑን ሳይከፍቱ «ሚዛን አምጣ» አሉኝ። የባለቤቴን የዳቦ ሊጥ መመዘኛ አመጣሁ። አራቱን ፒስተኖች አንድ በአንድ መዘንናቸው። በመሃላቸው ያለው ልዩነት ከ10 ግራም መብለጥ የለበትም። አንደኛው 14 ግራም ይከብድ ነበር። ጋሼ ከውስጡ በኩል በሞረድ ቀስ እያሉ ላጩት፤ እንደገና መዘኑ፤ እንደገና ላጩ። ሊጥ መመዘኛው ላይ የአሉሚኒየም ብናኝ ቀረ። ቤቴ ውስጥ ስለ እሱ የተነሳውን ክርክር እዚህ አላወራም።

ከሁሉ የወደድኳት ልኬት ግን ሌላ ናት። ክራንክሻፍቱ ወደፊትና ወደኋላ ትንሽ መንቀሳቀስ አለበት። በጣም ከተንቀሳቀሰ ቤቱን ይመታል። ጭራሽ ካልተንቀሳቀሰ ሲግል ይጨናነቃል። ትክክለኛው ከ0.07 እስከ 0.13 ሚሊ ሜትር ነው። የፀጉር ውፍረት በሉት። ይህ የሚስተካከለው ከቮላኖው፣ ከዘንጉ ጫፍ ላይ ከሚታሰረው ከባድ ክብ ብረት፣ ሥር በሚገቡ ሦስት ስስ የብረት ቀለበቶች ነው። ቮላኖውን ታስራለህ፣ ትለካለህ፣ ትፈታለህ፣ አንዱን ቀለበት ትቀይራለህ፣ እንደገና ታስራለህ። አምስት ጊዜ አደረግነው። በአራተኛው «ጋሼ፣ ይበቃል እኮ» አልኩ። ቀና ብለው አዩኝና «ደጀን ላይ በቅቶሃል?» አሉኝ።

ያንን ቮላኖ የሚይዘው አንድ ትልቅ ባለ 36 ሚሊ ሜትር ዳዶ ነው። የሚጠብቀው በ300 ኒውተን ሜትር ነው። ጋራዡ ውስጥ እዚያ ድረስ የሚለካ ቁልፍ አልነበረም። ጋሼ ቁልፉ ላይ ቱቦ ሰኩ፣ ከዳዶው ግማሽ ሜትር ለክተው በኖራ ምልክት አደረጉ፣ ከዚያ «ስንት ኪሎ ነህ?» አሉኝ። «ስልሳ» አልኩ። «ቁምበት።» ቆምኩበት። ስልሳ ኪሎ በግማሽ ሜትር ርቀት፤ አስሉት፤ 300 ይጠጋል። ልብ በሉ፣ ቴስታታውን፣ የሲሊንደሮቹን ክዳን፣ የሚይዙት ዳዶዎች ግን የሚጠብቁት በ31 ኒውተን ሜትር ብቻ ነው። እዚያ ላይ ጉልበት ያሳየ ሰው ብሎኑን ከማግኒዥየሙ ነቅሎ ያወጣዋል። አንዱ ላይ ትቆማለህ፤ ሌላውን በሁለት ጣት ትይዛለህ። ሁለቱም ያው «ማጥበቅ» ነው የሚባሉት።

ስለ ሲሊኮን አንድ ነገር። የሞተሩ ቤት ሁለት ግማሽ ነው፤ በመሃሉ የማሸጊያ ወረቀት የለም፤ በስሱ የሚቀባ ማጣበቂያ ብቻ። ብዙ ሰው «እንዳያፈስ» ብሎ ሲሊኮን ይመርግበታል። የተረፈው ወደ ውስጥ ይገባል። ቮልስ ደግሞ የወረቀት ፊልትሮ የላትም፤ ወንፊት ናት ያላት። ሲሊኮኑ ወንፊቱን ይደፍነዋል። ዘይቱ 2.5 ሊትር ብቻ ነው፤ በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ ይቀየር። በዚያውም ወንፊቱን አውጥታችሁ እዩት።

በነገራችን ላይ፣ ይህን ሁሉ ስንሠራ ያወራነው ግማሹ ጣሊያንኛ ነው። ካንዴላ፣ ካቻቢቴ፣ ጓርኒሲዮን፣ ፍሪሲዮን። ካንዴላ፣ ቤንዚኑን የሚያቀጣጥለው ዕቃ፣ በጣሊያንኛ ሻማ ማለት ነው። አንድ የጀርመን መኪና አዲስ አበባ ላይ በጣሊያንኛ ስም በአማርኛ እየተሰደበች ትሠራለች። ይህን የሚያጠና ሰው ቢገኝ ደስ ይለኛል።

ሞተሩ ከመነሳቱ በፊት ዳሽቦርዱ ቀረ። በዚህ ጊዜ ሐሳቤ ተቀይሯል። ያለፈው ጊዜ የጠየቅሁት «ምን ያምራል?» ብዬ ነበር። አሁን «ይህ ሞተር ሲታመም ምን ይላል፣ እኔስ በምን እሰማዋለሁ?» አልኩ።

ኦሪጅናሉን ሰዓት ከአልጋ ሥር አወጣሁት። ስፈታው አንድ ነገር ገረመኝ። ፍጥነቱን የሚያነብበት ገመድ ከግራ የፊት ጎማ ነው የሚመጣው፤ ጎማው መሃል ገብቶ በኮፒሊያ፣ በትንሽ የብረት መቆለፊያ ተይዟል፤ ጎማው ሲዞር እሱም ይዞራል። የቤንዚን ጌጁም ከነዳጅ ታንኩ በሚመጣ ቀጭን ገመድ ነው የሚሠራው። ሁለቱም ኤሌክትሪክ አያውቁም። 6 ቮልት ሆነ 12፣ ግድ የላቸውም። የመብራት አምፖሎቹን ብቻ ቀየርኳቸው። እኔ ሃምሳ ዓመት ያለ ሽቦ የሠራ ነገር አውጥቼ ነው በሁለት ወር የከዳኝን ያስገባሁት።

የተቆረጠው ቆርቆሮ ዋናው ራስ ምታት ነበር። ከአንድ የሞተች ቮልስ ላይ ያንኑ ቦታ ቆርጠን አመጣን። ባትላሜራው፣ የቆርቆሮ ሠራተኛው፣ ጫፍ ለጫፍ ገጥሞ፣ ነጥብ ነጥብ እያደረገ፣ እያቀዘቀዘ በየደ። ቆርቆሮው እንዳይጨማደድ አንድ ቀን ሙሉ ፈጀ። ስቱኮ፣ ጉድጓድ መሙያውን ልጥፍ፣ እንዲያበዛ አልፈቀድኩለትም። እሱም «የእኔን ሥራ ታስተምረኛለህ?» ብሎ ተቆጣ። ልክ ነበረ። ግን ስቱኮ ከበዛ በአገራችን መንገድ ንቅንቅታ በዓመቱ ይሰነጠቃል፤ እኔም ልክ ነበርኩ።

ከዚያ ሁለት ትናንሽ ክብ ጌጆች ጨመርኩ። የዘይት ሙቀትና የዘይት ግፊት። አየር የሚያቀዘቅዘው ሞተር ላይ እውነቱን የሚናገረው ዘይቱ ነው። ቆርቆሮውን ግን አልነካሁም። ከዳሽቦርዱ ሥር በላሜራ የተሠራች ትንሽ ማንጠልጠያ ላይ፣ በነበሩት ብሎኖች ቀዳዳ ተያዙ። ነገ ሌላ ሰው ቢገዛትና ባይወዳቸው፣ በካቻቢቴ፣ በብሎን መፍቻ አምስት ደቂቃ ነው። መርፌዋ ከ120 ዲግሪ ካለፈች ጥግ ይዤ እቆማለሁ፤ ክርክር የለም። ለግፊቱ ሁለት ጫፍ ያለው አስተላላፊ ገዛሁ፤ አንዱ ለጌጁ፣ አንዱ ለድሮዋ አረንጓዴ መብራት። አረንጓዴዋን ማባረር አልፈለግሁም።

ሙዚቃስ? ሙዚቃ አለ። ብሉቱዝ የሚቀበል ትንሽ አምፕሊፋየር ጓንት ማስቀመጫው ውስጥ ተደብቋል። ከውጪ አይታይም። ድምፁ ግን ከቬንትሌተሩ ጩኸት በላይ እንዳይወጣ ሆን ብዬ ደካማውን ነው የገዛሁት። ልጄ ይህን አይረዳውም።

ሽቦ ስትጨምሩ ፊውዝ አትርሱ። ደግሞም የኋላውን ወንበር አንሱ። የቮልስ ባትሪ ከኋላ ወንበር ሥር ነው። የወንበሩ ስፕሪንግ ብረት ነው። ከባድ ሰው ሲቀመጥ ስፕሪንጉ የባትሪውን ጫፍ ይነካል፤ ከዚያ እሳት። ቮልስ ከኋላ ወንበር ስትጨስ የነገሩን ሁሉ ቅዠታም አይደሉም። የባትሪ ክዳን ይኑራት። ከጠፋ ወፍራም ጎማ ቆርጣችሁ አልብሱት። ወንበር የማነሳው ለዚህ ነው፤ ንጉሡም እግረ መንገዳቸውን ይታወሱኛል።

ሞተሩ የተነሳው አንድ እሑድ ከሰዓት ነው። አዲስ ካምሻፍት የገባበት ሞተር መጀመሪያ ሲነሳ በዝቅተኛ ዙር አይተውም፤ 2,000 ገደማ ላይ ተይዞ ሃያ ደቂቃ ይሠራል። ጋሼ የካርቡራቶሩን ዋና ጄት፣ ቤንዚን የሚያልፍበትን ቀዳዳ፣ በትንሹ ጠበብ ባለ ቀይረውት ነበር። የፋብሪካው ልክ ለዝቅተኛ ቦታ ነው፤ እዚህ ላይ ቤንዚን ይበዛበታል፤ ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል። ቀዝቅዛ ስታድር ቫልቮቹን 0.15 ሚሊ ሜትር ላይ አስተካከልን። ጠዋት ካንዴላውን ስናወጣው የተቆላ ቡና ቀለም ነበረው። ጋሼ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አሉ።

ባለፈው ዓመት ደጀንን እንደገና ወጣሁት። ሠርግ አልነበረም፤ ዝም ብዬ ነው። ሁለተኛ ማርሽ፣ ያው ፀሐይ። የዘይቱ መርፌ 112 ላይ ደርሳ ቆመች። ያቺ ቦታ ጋ ስደርስ ሙዚቃውን ዘጋሁት። ትጮኻለች። ዳገቱ ሁሉ የእሷ ጩኸት ነው።

አሁን ቁልፉን ስከፍት፣ ሞተሩ ከመነሳቱ በፊት፣ መጀመሪያ የማየው ቀይዋ መብራት መብራቷን ነው። ካልበራች አምፖሏ ተቃጥሏል፤ አልንቀሳቀስም። አንድ ትርፍ ቺንጋና አንድ ቁልፍ ደግሞ ወንበሩ ሥር አለ።

ጥያቄ ያላችሁ እዚህ ባንጨናነቅ ይሻላል። መኪናዋ ውጪ በሩ ጋ ቆማለች። ኮፈኑን ከፍተን እዚያው እናውራ። ከፊት የምትሄዱ ወጣቶች ግን፣ ሞተሩ በኋላ በኩል ነው።